መጋረጃው

«ድንጋይ ነው የምትቀቡት ወይስ ዳቦ? ዘይቱን አትቆጥቡ፤ ሰሚሲ በሕይወቱ ንፉግ አልነበረም» አሉ የሟቹ አክስት ሄይላላ። የወንድማቸው ልጅ ከሞተ ወዲህ ቤተሰቡ ሁሉ የሚታዘዘው ለእርሳቸው ነበር። ግቢው ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ፤ ነገ፣ ከተቀበረ በአሥረኛው ቀን፣ መቃብሩ ላይ የሚደረደሩትን ጥቁር ጠጠሮች በኮኮናት ዘይት ማሸታቸውንም ቀጠሉ።

እህቱ ኡንጋቴአ አልሳቀችም። ሐዘንተኛ እንደ ልብስ የሚታጠቀውን ምንጣፍ በወገቧ እንደታጠቀች አንዲቱን ጠጠር ደጋግማ ታሻለች። ሴቶቹ ስለ እርሷ ሲንሾካሾኩ ይሰማታል፤ ነርስ እህቱ በአጠገቡ ሳለች መሞቱ መታደል ነው ይላሉ።

በነርስነት ከተመረቀች አራት ወሯ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከተመደበች ስድስት ሳምንቷ ነበር። በምረቃዋ ቀን ሰሚሲ አጥር ጥግ ቆሞ የአበባ ጉንጉኑን በእናታቸው እጅ ላከላት። እንደ ደሴቲቱ ሥርዓት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ከሞላት ጀምሮ እህትና ወንድም በአንድ ክፍል ተቀምጠው አያውቁም፤ እርሷ ስትገባ እርሱ ይወጣል። ከባሕር በተመለሰ ቁጥር ግን ከዓሣው የሰባውን መርጦ ደጃፏ ላይ ያስቀምጥላታል።

ለዓሣ ከጠለቀበት ጥልቅ ባሕር በችኮላ ሽቅብ ወጥቶ፣ በዚያ ጠንቅ ሰውነቱ ሽባ ሆኖ እርሷ በምትሠራበት ክፍል ሲተኛ፣ የክፍሉ አለቃ ለእርሷ ሌላ ሕመምተኛ ሰጠቻት፤ እርሱን ማናሴ የተባለው ነርስ ያዘው። በሦስተኛው ቀን ማናሴ የኦክስጅን ሲሊንደር ሊያመጣ ወጣ። ያን ጊዜ ከሰሚሲ አልጋ መጋረጃ ጀርባ የልቡን ምት የሚከታተለው ማሽን ጮኸ።

በትምህርት ቤት በአሻንጉሊት ደረት ላይ የተለማመደችውን፣ ልቡ የቆመን ሰው ደረት እስከ ሠላሳ እየቆጠሩ መጫንን፣ እጆቿ አልረሱትም። ነገር ግን ወንድም በእህቱ ፊት ደረቱን አይገልጥም። መጋረጃውን ጨብጣ ቆመች። ማናሴን ተጣራች፤ ደግማ ተጣራች። እርሱ ሮጦ ሲደርስ ሰሚሲ ፊቱ ጠቁሯል። ሐኪሙ በኋላ፣ ቀድማ ብትገባም ምናልባት አይተርፍም ነበር አላት።

እኩለ ቀን ላይ ሴቶቹ ለምሳ ሲነሡ ኡንጋቴአ ከአክስቷ አጠገብ ቀረች።

«አክስቴ፣ እኔ አልነካሁትም። ልቡ ሲቆም መጋረጃውን ይዤ ቆሜ ነበር። ሰው ጠራሁ እንጂ አልገባሁም።»

ሄይላላ የያዙትን ጠጠር በቀስታ ቅርጫቱ ውስጥ አኖሩ። ኡንጋቴአ ቁጣ ጠበቀች፤ ቁጣ ፈለገች።

«ደግ አደረግሽ፣ ልጄ» አሉ። «ወንድምሽን አክብረሽዋል። እናትሽ ሥርዓት አስተምራሻለች።»

ጉንጯን ስመው ተነሡ። ከዚህ በኋላ የምትነግረው ሰው አልነበራትም።

በማግሥቱ ጠጠሮቹ በነጩ አሸዋ ላይ ተደረደሩ፤ መዝሙሩም አልቆ ሰዉ ወደ ማዕዱ ሄደ። ኡንጋቴአ የምታስተካክል መስላ በመቃብሩ ጎን ተንበረከከች። ከራስጌው እስከ ደረቱ በዓይኗ ለካችና ጥቂት ጠጠሮች ገለል አደረገች። አንዱን መዳፏን በሌላው ላይ ደርባ፣ ክንዶቿን ቀጥ አድርጋ፣ ተጫነች። አሸዋው ሰረጎደ፤ ተመልሶ ግን አልተነሣም። በልቧ እስከ ሠላሳ ቆጠረች። ሠላሳው ሲሞላ እንደገና ከአንድ ጀመረች።