የገደሉ ቅጠል

መሪጌታ ገብረአብ ወደ መድኃኒት ቤታቸው ያስገቡኝ ልቤን አይተው ይመስለኝ ነበር። የእኅቴ ቁስል አልሽር ሲልም ምክንያቱ ኃጢአቴ ነው ብዬ አምን ነበር። ሁለቱም ስሕተት ነበሩ፤ ከአንድ ምንጭ የተቀዱ መሆናቸውን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ፣ አሊዩ አምባ ገበያ መካከል ቆሜ ነው።

ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ከዞረ ወዲህ አንኮበር ባለቤቱ ጥሏት የሄደ አዳራሽ መስላ ነበር። ሹማምንቱ ሄዱ፤ አዝማሪዎቹም ተከተሏቸው፤ ካህናቱና ሕሙማኑ ቀሩ። እኔ ከእነዋሪ የመጣሁ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ፤ ተማሪነቴም መካከለኛ። አጭሩ ጉባኤ ቃና ይሆንልኛል፤ ረጅሙ መወድስ ላይ ስደርስ ግን ጭነት እንደ ከበዳት አህያ መንገድ ላይ እተኛለሁ። መምህራችን በጉባኤ ፊት፦

«ወልደተንሣኤ፣ ከፊትም አይደለህ፣ ከኋላም አይደለህ፤ መሐል ሆነህ ነፋስ እንኳ አይነካህም» ይሉኝ ነበር። ጉባኤው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

የመድኃኒት ትምህርት የተመኘሁት ለታላቅ እኅቴ ለወለተሐና ስል ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እርስዋ ናት። በአጨዳ ወቅት ማጭድ የቆረጣት ቅልጥሟ መግል ቋጥሮ፣ ዓመት አልፎትም አልሽር ብሎ ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ስመለስ እስከ ደጃፍ እያነከሰች ሸኘችኝና፦

«ቅኔው ቢቀርብህ ይቅር፤ ለዚህ እግር የሚሆን ነገር ይዘህልኝ ና» አለችኝ።

በአንኮበር ዙሪያ በቁስል መድኃኒት ከመሪጌታ ገብረአብ የሚስተካከል አልነበረም። ደጃቸውን የጠናነው ሁለት ነበርን፤ እኔና የጎጆ ጓደኛዬ ኪዳነ ማርያም። ኪዳነ ማርያም መወድሱን እንደ ውኃ የሚያፈስ፣ መምህራኑ ሳይቀሩ አፉን የሚጠብቁት ልጅ ነው። ቁራሽ ለምነን ባመጣን ጊዜ እየተካፈልን እንበላለን፤ ለበዓል ወደ እነዋሪ ስወርድም ይከተለኛል፤ እኅቴ የእኔን ልብስ ስታጥብ የእርሱንም ታጥብለታለች።

መሪጌታ ፈተናችንን አላበዙትም። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅጠል ሰጡንና፦

«ምንድን ነው?» አሉ።

ኪዳነ ማርያም ቅጠሉን ወደ አፉ ከቶ አላመጠው፤ ጥቂት አሰበና ስሙንም የሚበቅልበትንም ተናገረ። እኔ ቅጠሉን በመዳፌ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«እርስዎ ያውቃሉ፣ የኔታ» አልሁ።

መሪጌታ ወደ ኪዳነ ማርያም ዞረው፦ «ሆዳም! መድኃኒት ሽሮ መሰለህ ወይ? ያልተፈቀደለትን የሚቀምስ ከቤቴ አይገባም» ብለው በቁጣ አባረሩት። ወደ እኔም አመለከቱና፦ «ይህ ይበቃኛል» አሉ።

ጓደኛዬ በመንገድ ላይ ትከሻዬን አቅፎ፦ «ተመስገን በል እንጂ! ለአንድ ቀን እንኳ መካከለኛነት ሞገስ ያግኝ» አለኝ። እኔም ተመስገን አልሁ። ትሑቱ ከፍ ያለበት፣ ልባሙ የወደቀበት ጽድቅ የታየኝ መሰለኝ።

የቤቱ ሥርዐት ሦስት ነበር። ቅጠሉ ጎሕ ሲቀድ በጾም አፍ ይለቀማል፤ ብረት አይነካውም፤ መድኃኒት ከተባለ ነገር ደግሞ ተማሪ አንዳች አይቀምስም። ሦስተኛውን በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዘቱኝ። እኔም ሌሎች ገና ሳይነሡ ከከተማው በታች ባለው ገደል እወርዳለሁ፤ ምስርች የሚባለውን ቅጠል በእጄ እየቀነጠብሁ በደበሎዬ እሞላለሁ፤ ጭጋጉን ቀድጄ ስወጣ ሕሙማኑ ከአጥሩ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ሲያዩኝ እንደ ታቦት ይነሡልኛል። «መጣ፣ መጣ» ይባባላሉ። መሪጌታ ቅጠሉን በፊታቸው በሙቀጫ ይወቅጡታል፤ ከዚያ «ድጋሙን ልድገምበት» ይሉና ወደ ጓዳ ያስገቡታል። ሲመለሱ በቀንድ ውስጥ ጠቆር ያለ ቅባት ይዘው ነው። በገዛ እጃቸው ይቀባሉ እንጂ ለማንም አሳልፈው አይሰጡም። ቁስሉም ይሽራል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ለእኅቴም ይስጡኝ» ብዬ ብለምናቸው፦ «የተማሪ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ዘመዱ ነው። ቅጠሉን ታውቀዋለህ፤ ራስህ ወቅጠህ ራስህ አድርግላት» አሉኝ። ተደሰትሁ። ወቅጬ ወሰድሁላት፤ አልሠራም። ደግሜ ወሰድሁላት፤ መግሉ በዛ።

«ጾምህን መርምር» አሉኝ መሪጌታ። መረመርሁ። ጾም ጨመርሁ፤ ስግደት ጨመርሁ። በልጅነቴ የሠራሁትን እየቆፈርሁ ለንስሐ አባቴ አንድም ሳላስቀር ተናዘዝሁ። ከሰውነት ተራ ወጣሁ። የሌላው ሁሉ ቁስል የሚሽርበት ቅጠል በእጄ ሲገባ አመድ የሚሆን፣ ከእኔ የረከሰ ሰው ቢታጣ ነው እል ነበር።

ከእነዋሪ የመጣ መንገደኛ፦ «ወለተሐና እግሯን መዘርጋት አቅቷታል» ብሎ በነገረኝ ሳምንት፣ ቅጠሉን በቆላ ማር ለውሼ ልሞክር ብዬ ዐርብ ቀን ወደ አሊዩ አምባ ወረድሁ። ኪዳነ ማርያም ከዚያ ቀደም ዐርብ ዐርብ «ለብራና ቀለም» እያለ ይወርድ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ግን ንዳድ ይዞት ጎጆ ተኝቷል።

ማር ስፈልግ፣ ሸማቸውን እንደ ጥምጥም የጠመጠሙ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከሸቀጣቸው ማዶ ጠሩኝ።

«አንተ ባለ ደበሎ! የመሪጌታ ገብረአብ ተማሪ አይደለህም?»

«ነኝ፤ አባቴ።»

«ፈረጅ እባላለሁ። ያ ቀጭኑ ጓደኛህ ምነው ቀረ? ከጁምዓ ጁምዓ አይቀርም ነበር።»

«የትኛው ጓደኛዬ?»

«ኪዳነ ማርያም ነዋ! ታሟል እንዴ? አላህ ያሽረው። እንግዲያው ድርሻችሁን አንተ ውሰድ» ብለው ትንሽ የቆዳ ከረጢት ዘረጉልኝ። ፈታሁት። እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ሲሰበር የሚያበራ የደረቀ ወዝ ነው።

«ይህ ምንድን ነው?»

ፈረጅ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጨው ሻጩ ዞረው፦ «ዓብዱ፣ ስማ! የመድኃኒተኛው ደቀ መዝሙር ምንድን ነው ይለኛል!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ፦ «እሬት ነው፣ ልጄ። የቆላ እሬት ወዝ። እናንተ ለሰው ቁስል፣ እኛ ለግመል ቁስል።»

«መሪጌታ መድኃኒታቸው ከገደል የሚለቀም ቅጠል ነው። የምለቅመውም እኔ ነኝ።»

«ቅጠሉንስ ምን ያደርጉታል?»

«ወቅጠው፣ ሊደግሙበት ወደ ጓዳ ያስገቡታል።»

«ፍየል አላቸው?» አለ ዓብዱ።

«አላቸው።»

«ወፍራም ነው?»

ዓብዱ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ፈረጅ ግን ፊቴን አዩና አልሳቁም፤ «በቃህ፣ ዓብዱ» አሉት። እኔ ከወዙ ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግሁ። ግዝቴን ያፈረስሁት እዚያ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው።

አንኮበር እስክወጣ ምሬቱ ከአፌ አልለቀቀም። መሪጌታ ከሕሙማኑ ጋር ደጅ ነበሩ። ማንንም ሳላስፈቅድ ወደ ጓዳ ገባሁ። የጧቱ ምስርቼ በጓዳው የኋላ በር አጠገብ ተከምሯል፤ አንዲት ፍየል አንገቷን አስግጋ ታመነዥገዋለች። ቀንዱን አነሣሁና ጣቴን ነክሬ ቀመስሁ። ያው ነው።

«ቀመስህ» አሉ ከኋላዬ።

«ቀመስሁ፣ የኔታ።»

በሩን ዘጉ። አልተቈጡም፤ ያልተቈጡት ነገር እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

«ኪዳነ ማርያምን ያባረሩት ለታይታ ነበር» አልሁ።

«የሚቀምስን ሰው ከውጭ ልትተወው አትችልም፤ ታካፍለዋለህ እንጂ። በማግሥቱ አስጠራሁት።»

«እኔንስ ለምን አስገቡኝ?»

«ሕመምተኛ ዓይኑ ያየውን ያምናል። ገደል የሚወርድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ያውም አምኖ የሚወርድ። ባይኖር ሁሉም እሬቱን ከገበያ ገዝቶ ቤቱ ይቀባ ነበር። ልባም ተማሪ ቢሆን ፊቱ ያሳብቅብኛል፤ ሰነፍ ቢሆን ቅጠሉን ከመንገድ ዳር ለቅሞ ይመጣል። መምህርህን ብጠይቃቸው ከሁሉ መካከለኛው አንተ ነህ አሉኝ።»

«እኅቴ እግሯን መዘርጋት አቅቷታል፤ የኔታ።»

«ቅባቱ ከእጄ ከወጣ ይቀመሳል፤ ከተቀመሰም ይታወቃል» አሉ። «አሁን ግን ዐውቀሃል። ሦስተኛ ሆነህ ተቀመጥ፤ ለእርስዋም ትወስድላታለህ። ስሙን ለሰው ብትናገር ግን በጴጥሮስ በጳውሎስ ቃል ገዝቼሃለሁ።»

ከረጢቱን ይዤ ወደ ጎጆአችን ሄድሁ። ኪዳነ ማርያም በደበሎው ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል። ከረጢቱን ሲያይ ዓይኑን ጨፈነ።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ተገዝቼ ነው።»

«የወለተሐናን እግር አይተሃል። ሽታውን ታውቀዋለህ።»

«ግዝት ነው አልሁህ፣ ወንድሜ!» ድምፁ ተሰበረ። «ደግሞ ከገደል ስትወጣ ፊትህ ያበራ ነበር። እንደዚያ ማመን እኔ ኖሮኝ አያውቅም፤ እቀናብህ ነበር።»

ከመሪጌታ ቃል ይልቅ የቆረጠኝ ይህ ነው። መሪጌታ ያለ እኔ እንጀራቸው ይጎድል ነበር፤ እርሱ ግን የእኔን መታለል እንደ ጌጥ ተቀምጦ ሲያየው ኖሯል። ውኃ በቅል ሞልቼ ከራስጌው አኖርሁለትና ወጣሁ።

እነዋሪ ስደርስ ወለተሐና ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቁስሏን አጥቤ ወዙን በማር አሟሙቼ ስቀባት አሽትታ ቀና አለች።

«ይህ እሬት አይደለም ወይ?»

«ነው።»

«እናታችን ጡት ስታስጥልህ የተቀባችው እሬት?»

«እርሱው ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ስትማር ኖርህ?»

ቁስሏን በጨርቅ ጠቀለልሁላት።

ቁስሏ ከፍልሰታ በፊት ደረቀ፤ ጅማቱ ግን ተኮማትሮ ስለ ነበር እግሯ እስከ ዕለተ ሞቷ አልተዘረጋም። መዳኗን የሰሙ የሞረትና የጅሩ ሰዎች ቁስለኞቻቸውን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ደጃችን መጡ፤ የቅጠሉን ስም ጠየቁኝ። ቅጠል እንዳልሆነ፣ እሬት እንደሆነ፣ አሊዩ አምባ ከፈረጅ ዘንድ በግላጭ እንደሚሸጥ ለሁሉም ነገርኋቸው።