ከሰዓት በኋላ የሚቆመው ምስል

ሴትዮዋ ለዳኛው መልስ ልትሰጥ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ተዘራ መጀመሪያ ቃል ያጣች መስሎት ጠበቃት። ከዳኛው ራስ በላይ ያለው ማራገቢያም እንደቆመ ሲያይ ግን ሪሞቱን ሶፋው ላይ ወረወረው።

"ደግሞ ጀመረው" አለ ለራሱ።

ክራንቹን ስቦ ተነሣ። ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ከተደረገ ወዲህ ከሳሎን እስከ ኮሪደር ያለው መንገድ ረዝሞበታል። ኢንተርኔቱን የሚያሠራጨው ራውተር ኮሪደሩ ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ፣ ከገመድ አልባው ስልክ ማስቀመጫ ጎን ቁጭ ብሎ መብራቶቹን ያርገበግባል። ምንም ያጠፋ አይመስልም። ተዘራ ሽቦውን ከኋላው ነቀለ፣ ሴት ልጁ እንዳሳየችው ትንሽ ታገሠና መልሶ ሰካው። ከተዘጋው የመኝታ ቤት በር ወዲያ የሚስቱ የያለምወርቅ ድምፅ ይሰማል። እንደነገረችው ከእህቷ ከወርቂቱ ጋር በስልክ እያወራች ነው፤ የክራንቹን ኳኳታ ስትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ወደ ሳሎን ሲመለስ ሴትዮዋ አሁንም አፏን ከፍታ ነበር።

ተዘራ እስራኤል ውስጥ የረሆቮት ከተማ ማዘጋጃ ቤት የአትክልት ሠራተኛ ነው። በሄርዝል ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉት ዛፎች ሁሉ ያውቁታል፤ አብዛኞቹን በገዛ እጁ ከርክሟቸዋል። በቅርቡ ከመሰላል ወድቆ ጉልበቱ ተጎዳና ሐኪሞቹ ከቤት እንዳይወጣ አዘዙት። ከቤት መዋል የማያውቅ ሰው ስለሆነ ገና ሳምንት ሳይሞላው የመጋረጃውን መስቀያ ፈትቶ ገጠመ፣ ያለምወርቅ የወጥ ቤቱን ዕቃ የምትደረድርበት መንገድ ትክክል እንዳልሆነ ነገራት። ልጁ ኤፍራት ይህን አይታ አዘነችለት፤ ምናልባት ያዘነችው ለእናቷ ይሆናል። ኤፍራት ቀን ኮሌጅ ትማራለች፣ ማታ ሄርዝል ላይ ጫማ ትሸጣለች። ከኢንተርኔት አንድ ረጅም የአማርኛ ድራማ ለቃቅማ ኮምፒውተሯ ላይ አጠራቀመች፤ ከዚያ አንዲት ጥቁር ሣጥን ገዝታ ከቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠች። ፊልሙ ከእሷ ክፍል ተነሥቶ፣ በራውተሩ በኩል፣ ያለ ሽቦ በአየር ተሻግሮ ሳሎን ይደርሳል።

ድራማው በአንድ ቁራሽ መሬት የተካሰሱ የሁለት ወንድማማቾች ታሪክ ነው። ተዘራ ተያዘበት። ምስክሮቹን ይሰድባል፣ ዳኛውን ይመክራል፤ ያለምወርቅ ከሥራ ስትገባ የዕለቱን ችሎት ይተርክላታል። ችግሩ ግን ምስሉ መቆሙ ነው። ጧት ደህና ይሠራል። ከሰዓት በኋላ፣ ነገሩ ሲጦፍ፣ ድርቅ ይላል።

ያልሞከረው ነገር አልነበረም። ራውተሩን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሰቀለው፣ መልሶ አወረደው። ጥፋቱ የማይክሮዌቩ ነው ብሎ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ምግብ እንዳይሞቅ ከለከለ፤ ያለምወርቅም ሳትከራከር ቀዝቃዛ ሩዝ በላች። ኢንተርኔቱን ወደሚሰጠው ድርጅት በቤቱ ስልክ ደወለ። ያነጋገረችው ልጅ ታጋሽ ነበረች፤ ንቀል ስትለው ነቀለ፣ ስካ ስትለው ሰካ፣ ምስሉ መጣ ወይ ስትለው አልመጣም አላት። ተስፋ ቆርጦ ስልኩን ሲዘጋ ምስሉ ወዲያው መንቀሳቀስ ጀመረ። መልሶ ደውሎ ሊያመሰግናት ፈለገ፤ ገና ስትመልስለት እንደገና ቆመ። ተዘራ ያን ቀን የተሳለቁበት መሰለው።

"አባ፣ ማታ እኔ ሳየው ቤሰደር ነው፣ ደህና ይሠራል" አለችው ኤፍራት። "አንድም ጊዜ አልቆመብኝም።"

"እንግዲያው የማበላሸው እኔ ነኝ።"

"እንደዚያ አላልኩም። ቴክኒሻን ይምጣና ይየው።"

እንዲህ ያለውን ነገር በዚህ ቤት ሲሠራ የኖረው ሌላ ሰው ነበር። ስሙን ግን ማንም አላነሣም።

ኢጋል የተዘራ የበኩር ልጅ ነው። በወታደርነቱ ኮምፒውተር ተምሮ ወጣ፤ አሁን አሽቀሎን ውስጥ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጥገና ይሠራል። ጋልያ የምትባል ልጅ ወዶ ላግባት ሲል፣ እንደ አገር ቤቱ ልማድ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዘር ቆጠሩ። ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም። ተዘራ ራሱ ከቆጣሪዎቹ አንዱ ነበር፤ የአያቶቹን አያቶች ስም ከነመንደራቸው የሚያውቅ ሰው ነውና ሌሎቹም እሱን ነበር የሚሰሙት። የእናቱን ወገን ሲቆጥር የጋልያ አባት ወገን ላይ ደረሰ። አንድ ቤት ጎደለ።

ዝም ማለት ይችል ነበር። ሌሎቹ ያን ያህል አርቀው አያውቁም። እሱ ግን ያየውን ተናገረ፤ ልጁም ሰምቶ ተነሥቶ ወጣ። ኢጋልና ጋልያ ከዚያ በኋላ ተጋቡ። ተዘራ ሠርጉ ላይ አልተገኘም፤ ያለምወርቅም ባሏን ብቻውን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። ያን ማታ የሠርግ ልብሷን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አመሸች። አባትና ልጅ ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጡም።

ቴክኒሻኑ ጧት መጣ። ኢላን የሚባል፣ ፂሙ የሸበተ፣ ደረጃ መውጣት ያደከመው ሰው ነበር። ተዘራ በሥራ ላይ በለመደው ዕብራይስጥ ሁሉንም ነገረው፤ ማይክሮዌቩን፣ መደርደሪያውን፣ ያቺን ታጋሽ ልጅ። ኢላን እስከ መጨረሻው አዳመጠው። ከዚያ ድራማውን እንዲከፍት ነግሮት ወደ ኮሪደሩ ሄደ፤ ገመድ አልባውን ስልክ ከማስቀመጫው አንሥቶ የመደወያውን ቁልፍ ተጫነ። ከሳሎን የሚሰማው የጠበቃ ንግግር መሐል ላይ ተቆረጠ። ስልኩን ሲዘጋው ጠበቃው ቀጠለ።

"ሁለቱ አንድ ሞገድ ላይ ናቸው" አለ ኢላን። "ስልኩ ሲያወራ ራውተሩ ምንም አይሰማም። ከሰዓት በኋላ በዚህ ስልክ የሚያወራ አለ?"

"ሚስቴ። ከእህቷ ጋር።"

"ብዙ የሚያወሩት አላቸው ማለት ነው።"

ኢላን በኤፍራት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ራውተሩን ወደ ሌላ ሞገድ አዛወረው። ስልኩን እንደገና አንሥቶ ሞከረ፤ ጠበቃው ሳይደናቀፍ ንግግሩን ጨረሰ። ተዘራ አመስግኖ እስከ በሩ ሸኘው። በሩን ዘግቶ ሲመለስ ነው ነገሩ የገባው። ወርቂቱ የአረጋውያን ቤት ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ሥራ ላይ ናት፤ እዚያ ደግሞ ስልክ ይዞ መቆም የለም።

ያለምወርቅ ከምትሠራበት መዋዕለ ሕፃናት እንደልማዷ ተመለሰች። ራውተሩ እንደተሠራ ነገራት፤ ስለ ስልኩ ግን ትንፍሽ አላለም። ደስ አላትና ዛሬስ ሩዜን ላሙቅ ብላ ቀለደችበት። ከበላች በኋላ ስልኩን ይዛ መኝታ ቤት ገባች።

ድራማው ቀጠለ። ያቺ አፏን ከፍታ የቀረችው ሴት ለዳኛው መልሷን ሰጠች፤ ተዘራ ግን የተናገረችውን አልሰማም። ምስሉ ውኃ ሆኖ ይፈሳል፤ እሱ የሚያየው ኮሪደሩን ነው። በመጨረሻ ቴሌቪዥኑን እንደሚጮህ ትቶ፣ ክራንቹን ሶፋው ላይ አስተኝቶ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ተደግፎ ሄደ። በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ መሄዱ አሳፈረው፤ ቢሆንም አልተመለሰም።

ያለምወርቅ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ተማምና ድምፅዋን አልቀነሰችም።

"እግሯ ቢያብጥ አትደንግጡ" ትላለች። "አንተን ስይዝ እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ጋልያን ከፍ ያለ ነገር ላይ እግርሽን ስቀይ በላት። ባልዲ እንዳታነሣ፤ ቤቱን አንተ ወልውል።"

ተዘራ ወደ በሩ ተጠጋ። እንዳይወድቅ ሲል እጁን በሩ ላይ አሳረፈ፤ በሩም ተከፈተ። ያለምወርቅ አየችው። "መልሼ እደውላለሁ" አለችና ስልኩን ዘጋች። አልደነገጠችም፤ ተነሥታ ክንዱን ይዛ አልጋው ላይ አስቀመጠችው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላት።

"ማውራቱ ነው ወይስ እርግዝናው?"

ተዘራ የታመመ እግሩን አልጋው ላይ ዘረጋ።

"አንተ ስትቆጥር ዝም አልኩ" አለች። "ሠርጉም ዝም ብዬ አለፈኝ። ቆጠራህ ልክ ነው፤ ተሳሳትክ ብዬህ አላውቅም። የሚወለደው ልጅ ግን ቆጠራውን አይጠብቅም፤ እየመጣ ነው። እኔ ደግሞ ይህን እንደ ሠርጉ ቤቴ ቁጭ ብዬ አላሳልፈውም። ብትቆጣም ተቆጣ።"

"አልተቆጣሁም።"

"ታዲያ ምን ሆነሃል?"

ምን እንደሆነ እሱም አላወቀውም። ከዚህች ሴት ጋር ዕድሜውን ኖሯል፤ ቀዝቃዛ ሩዝ ሳትከራከር የበላችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው። ምስሉ ከማይክሮዌቩ የተነሣ ይቆማል ብሎ ማመኑ ተመችቷት ነበር፤ ስልኩን አይጠረጥርም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ እሱ ሽቦ ሲነቅልና ሲሰካ፣ ከበሩ ወዲያ ልጁ ነበር። ይህን ሲያስብ ያዘነው ስለተደበቀበት አልነበረም። አንድ ግድግዳ ብቻ እንደለያቸው አስቦ ነው።

"እኔን ይጠይቅሻል?" አላት በመጨረሻ።

"ሁልጊዜ። ጉልበቱ እንዴት ነው ይለኛል። መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው።"

ተዘራ ተነሥቶ ወደ ሳሎን ሄደ፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ማታ ኤፍራት እስክትገባ ሳያበራው ቀረ። ኤፍራት ራውተሩ እንደገና የተበላሸ መስሏት ልታየው ስትነሣ፣ "ተዪው፣ ደህና ነው" አላት።

በማግስቱ ያለምወርቅ ስትመለስ ባሏን ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል። ስልኩ እጁ ላይ ነው።

"ቁጥሩን አላውቀውም" አላት። "ደውይልኝ።"

ያለምወርቅ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ደውላ ሰጠችው። ኢጋል እናቱ የደወለች መስሎት ቶሎ አነሣው።

"እኔ ነኝ" አለ ተዘራ።

"አባ?" አለ ኢጋል። "ደህና ነዎት? ምን ሆኑ?"

"ደህና ነኝ። ይኼ ራውተር አስቸግሮኝ ነው።"

ያለምወርቅ ቀና ብላ አየችው። እሱ ወደ መደርደሪያው ዞረ።

"የትኛው መብራት ነው የጠፋው?" አለ ኢጋል። "ያዩልኛል?"

ተዘራ አየ። "ሁሉም በርቷል።"

"ሁሉም አረንጓዴ ነው?"

"አረንጓዴ ነው።"

"ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው አባ?"

"እኔ ምኑን አውቄው። የምታውቀው አንተ ነህ። ሥራ ስትፈታ መጥተህ እየው።"

ከወዲያ የኢጋል ትንፋሽ ይሰማል። ከኋላው አንዲት ሴት ማን ነው ስትለው፣ እሱም ቀስ ብሎ ሲመልስላት ተሰማ።

"ዓርብ እችላለሁ" አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ "ብቻዬን ነው የምመጣው?"

ተዘራ በአንድ እጁ ግድግዳውን ያዘ። ሚስቱን አላያትም። የእናቱ ወገን ስም ዝርዝር አሁንም አእምሮው ውስጥ እንዳለ ነው፤ አንድም ስም አልተነቃነቀም።

"ከባቡር ጣቢያው እዚህ ድረስ በእግር ሩቅ ነው" አለ። "በእግሯ እንዳታመጣት። ታክሲ ያዙ።"