በጓሮ በኩል ግቡ

«ዛሬ ይህ በር ይከፈታል፤ አለቀ» አሉ ሐጅ ባቢከር የብረቱን በር በምርኩዛቸው ጫፍ እየጠቆሙ። «ሰው እንደ ዶሮ ሌባ በጓሮ እየገባ ለቅሶ ይደርሳል እንዴ? ከቀትር በኋላ ከካርቱም ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። ምን ልበላቸው? ወንድሜ በሩን ለወፍ አወረሰው ልበላቸው?»

ድንኳን የሚወጥሩት ወንዶች ሳቁ።

በቱል ሳቃቸውን የሰማችው ከውስጥ፣ ከሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ሆና ነው። ባሏ አወድ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነበር። የባል ሐዘን ላይ ያለች ሴት ወንዶች ፊት አትወጣም። የተጎናጸፈችውን ነጭ የሐዘን ቶብ ግንባሯ ላይ ሳብ አደረገችና ጎረቤቷን ራውዳን በክርኗ ነካቻት።

«ጫጩቶቹ እስኪበሩ አይከፈትም በያቸው። የዘጋው እሱ ነው።»

ራውዳ ሄዳ ተመለሰች፤ ግን ቁጭ ብላ የሻይ ብርጭቆ መሰብሰብ ጀመረች።

«ምን አሉሽ?»

«ተያቸው በቱል።»

«ምን አሉሽ እኮ ነው የምልሽ?»

«‹የዘጋውማ ሄደ፤ የቀረነው እንግባበት› አሉ።»

በሩ የተዘጋው እንዲህ ነው። ከአጥሩ ላይ የወረደ የጃስሚን ሐረግ መቀርቀሪያውን ሸፍኖት ነበር። አንዲት ቡልቡል የምትባል ወፍ ያን አይታ፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ እዚያው መቀርቀሪያው ላይ ጎጆዋን ሠራች። ድመት ብትዘል፣ ልጅ እጁን ቢሰድ የሚደርስበት ቦታ ነው። በሩ አንዴ ቢከፈት ጎጆው ከነእንቁላሉ መሬት ነው። አወድ የእሾህ ቅርንጫፍ አምጥቶ ዙሪያውን አጠረና ከዚያ ቀን ጀምሮ በጓሮ ይመላለስ ጀመር። የከተማው የአትባራ ሰው መቼም ቀልድ አያጣም። «አወድ፣ ማን ማንን ነው ያስጠጋው?» ይሉት ነበር።

«ተጠግታኛለች» ይላል እሱ። «የተጠጋኝን አላባርርም።»

ወፍ ወዳድ ስለሆነ አይደለም፤ አንዲት ርግብ እንኳ አርብቶ አያውቅም። ጠባዩ ነው። በባቡር ጥገናው ሲሠራ፣ ሥራ በማቆማቸው ከመንግሥት ቤት የተባረሩ ጓደኞቹ እዚሁ ግቢ ውስጥ ያድሩ ነበር። እነማን እንዳደሩ ሲጠየቅ አልናገርም አለ፤ ታሰረ። ሲፈታ ጥርሶቹ ረግፈው ነበር፤ ስማቸው ግን ከአፉ አልወጣም።

ከቀትር በኋላ ድንኳኑ ሞላ። የሚመጣው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ለሟቹ ፋቲሓ ይቀራል፣ ይቀመጣል፣ ያወራል። ከሁሉም በላይ ግን የሐጅ ባቢከር ድምፅ ግድግዳውን አልፎ ይገባል።

«እኔና አወድ ሁለት በር አልነበረንም» ይሉ ነበር። «የኔ በር የእሱ፣ የእሱም የኔ ነበር።»

በቱል ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች።

አወድ የተፈታ ጊዜ ካርቱም ድረስ ሄዳ የተቀበለችው እሷ ነበረች። የአሸዋው ማዕበል ከተማዋን ውጧት መንገዱ አይታይም። ቆሞ መሄድ ስላቃተው ደግፋ እኚሁ ወንድሙ ቤት አደረሰችው። አንኳኳ። ሐጅ ባቢከር ያኔ የመንግሥት ሹም ነበሩ። በሩን ሳይከፍቱ፣ በስንጥቁ በኩል፣ «አወድ፣ ልጆች አሉኝ። ሂድልኝ» አሉ። አወድ የተመረገ ግድግዳ መስሎ በአሸዋው ውስጥ ቆመ፤ ከዚያ «እሺ ወንድሜ» ብሎ ዞረ። እስኪሞት ድረስ ይህን ለሰው አላወራም፤ እሷንም አፏን አስይዟት ነበር።

«ማነህ አንተ፣ መጥረቢያ አምጣ!» አሉ ከውጭ ሐጅ ባቢከር። «ሐረጉን ቁረጠው፤ እንግዶቹ ደርሰዋል።»

በቱል ብድግ አለች። ሴቶቹ የቶቧን ጫፍ ያዙ።

«ሐዘን ላይ ነሽ እኮ፣ ነውር ነው!»

«ነውሩስ ውጭ ነው ያለው» አለችና ቶቧን ነጥቃ ወጣች።

ወንዶቹ አንገታቸውን ደፉ። በመካከላቸው አልፋ እሾሁ ፊት ቆመች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች። ወፏ ከበስተኋላዋ ብር ብላ አጥሩ ላይ አረፈች።

«ሐጅ» አለች፤ ድምፅዋ አልጮኸም። «ወንድምዎ ከእስር ወጥቶ በርዎን ሲያንኳኳ አልከፈቱለትም። እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። አሸዋው አፉ ውስጥ እየገባ ‹እሺ ወንድሜ› አለዎት። ዛሬ የእሱን በር ለመክፈት ማን ነዎት?»

«ሐዘን ነው የሚያናግራት» አሉ ሐጅ ባቢከር ወደ ሰዉ ዞረው። «ሴት ልጅ ሐዘን ሲበዛባት...»

መጥረቢያ የያዘው ጎረምሳ መጥረቢያውን ከወንበር ሥር ሸጎጠ። አንድ የጥገናው ሽማግሌ፣ በዚያ ዘመን እዚህ ግቢ ካደሩት አንዱ፣ ጫማውን አጥልቆ በጓሮ ወጣና የመንገዱ አፍ ላይ ቆመ። የካርቱሞቹ ከመኪና ሲወርዱ፣ «በዚህ ነው ጌቶቼ፣ በጓሮ በኩል ግቡ» አላቸው። ትልልቆቹ ሰዎች ጀለቢያቸውን ሰብስበው የእጣቢውን ቦይ እየተሻገሩ ገቡ። ሐጅ ባቢከር ያን ቀን ማታ ሲሄዱም የወጡት በዚያው ነው፤ በቱልን ሳይሰናበቱ።

በማግስቱ፣ ምንጣፉ ሊነሣ ሲል፣ አወድን ያሳደገችው አክስቱ ከገጠር ደረሰች። ዓይኗ ፈዟል። መርዶው ዘግይቶባት፣ ሁለት ሴቶች ደግፈዋት፣ ማንም ሳያስቆማት በቀጥታ ወደ ብረቱ በር መጣች። ደረቷን ይዛ፣ ልትጮኽ አፏን ከፈተች።

በቱል መምጣቷን ሰምታ በጓሮ ዞራ እየሮጠች ደረሰችባት። ሟች ቤት የመጣ ሰው ሲጮኽ ሚስት አብራ ትጮኻለች፤ ወጉ ይኸው ነው። በቱል ግን መዳፏን በቀስታ አሮጊቷ አፍ ላይ አደረገች።

«ቀስ በይ እናቴ» አለቻት በሹክሹክታ። «ልጅሽ ያስጠጋቸው አሉ።»

አሮጊቷ አልገባትም፤ ግን አልተቆጣችም። ያን እጅ በሁለት እጇ ያዘችና ፊቷ ላይ ጫነችው፤ የመጣችበትንም ጩኸት ሁሉ እዚያ መዳፍ ውስጥ፣ ያለ ድምፅ አለቀሰችው። በቱል እጇ እስኪርስ ቆመችላት።