ሩቁ ወፍጮ

፩

ይመኙሻል ደጇ ላይ ወፍጮ እያለላት እህሏን ወንዝ አሻግራ ታስፈጫለች። ስንት ዓመቷ! አህያም የላት፤ በጀርባዋ ነው። ሰው ሲጠይቃት «የዚህኛው ዱቄት ያንቃል» ትላለች።

ውሸቷን ነው። ደጇ ባለው ወፍጮ ቤት እህል እየመዘነች የምትቀበለው ረድኤት ናት። ረድኤትን ላለማየት ነው።

«ገመናዬን አውጥታለች፤ ዓይኗን አያሳየኝ» ትላለች በልቧ።

፪

ያኔ ረድኤት ልጅ እግር አማካሪ ነበረች፤ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለው የሴቶች ማዕከል። ይመኙሻል ባሏ ጌጤነህ ሲመታት ክንዷን በነጠላ ሸፍና ወደዚያ ትሄዳለች። ረድኤት በሩን ዘግታ፣ «እትዬ፣ እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል» ትላታለች።

ይመኙሻል ትንሽ ትንሽ አወጣች። ዱላውን ነገረቻት። ዋናውን ግን ገና አልነገረቻትም። ዋናው ከዱላው የባሰ ነው።

«በሚመጣው ጊዜ» አለች።

፫

አንቺ የምታነቢው፣ አንድ ነገር ልብ በይ። አማካሪም የምታማክራት አላት፤ ሱፐርቫይዘር ይሏታል። ልጅቱ ነገር ሲከብዳት ይዛ ወደ እሷ ትሄዳለች። ደንቡ ነው፤ ሐሜት አይባልም። ሰሚዋም ዘግታ መያዝ አለባት።

የረድኤት ሱፐርቫይዘር ወይዘሮ እታገኝ ነበረች። ወይዘሮ እታገኝ የረድኤት የክርስትና እናትም ነበረች።

ሁለቱን ማን አንድ ላይ እንዳሰራቸው እንጃ።

፬

ሽማግሌ ሲመጣብሽ እንዲህ አድርጊ።

ተነሺ። ወንበር አቅርቢ። አይቀመጡም፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። የነፍስ አባትሽ መስቀላቸውን ይዘዋል። የእድሩ ዳኛ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። «ሚስትህን ትማታለህ ሲሉ ሰማን» ይሉታል ባልሽን። አንቺ መሬት መሬቱን እዪ። ባልሽ ፈገግ ይላል፤ ያን ፈገግታ አትርሺው። «አንቺም የቤትሽን ነገር ውጭ አውጥተሻልና ጉልበቱን ሳሚ» ይሉሻል።

ሳሚ።

እነሱ ወጥተው በሩ ሲዘጋ የሆነውን አልጽፍም።

፭

በማግስቱ፣ በማዕከሉ ግቢ፣ ሰው እየሰማ፦

ይመኙሻል፦ አንቺ ወሬኛ! እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል አላልሽኝም?

ረድኤት፦ እትዬ...

ይመኙሻል፦ አፍሽን ዝጊ! ያኔ በዘጋሽው ኖሮ!

ወይዘሮ እታገኝ (በመስኮት)፦ ምንድን ነው ጩኸቱ?

ረድኤት፦

ወደ መስኮቱ ቀና ብላ አየች። ምስጢር አውጥታለች ተብላ ከሥራ ወጣች፤ ኋላ ወፍጮ ቤት ተቀጠረች።

፮

ጌጤነህ ባለፈው ጥቅምት ሞተ። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ወይዘሮ እታገኝ መጥታ ከይመኙሻል ጎን ተቀመጠች።

«አይዞሽ እህቴ። ያም ሆነ ይህ አብራችሁ አረጃችሁ። ያኔ ሽማግሌ ባልልክባችሁ ኖሮ ትዳርሽ ተበትኖ ነበር።»

«ማን ነው የላከ?»

«እኔ ነኛ! ረድኤት ‹ፈራሁላት፣ ምን ላድርግ› ብላ ስታለቅስብኝ፣ ለእሷም ሳልነግራት አባን ላክኋቸው። ምን አለበት፣ ለደግ ነው።»

«እሷ ስትባረር ዝም አልሽ?»

«እሷስ ዝም አላለችም? የክርስትና እናቷን ትክሰሰኝ?» ሳቅ አለች። «ተይው አሁን፣ ያለፈ ነገር። ንፍሮ ያዢ።»

ይመኙሻል ንፍሮውን በእፍኟ ያዘች። አልበላችም።

፯

እዚህ ላይ ተነስታ ብትሰድባት ደስ ባለኝ። ጽፌው ነበር፤ ሰረዝኩት፤ አልሰደበቻትማ።

ያን ሁሉ ቀን ያሰበችው ስለ ረድኤት ነው፤ በልቧ እንዲህ እያለች፦ ሰው ፊት አዋረድኳት። እንጀራዋን ዘጋሁባት። ደጇን እያለፍኩ ምራቄን ተፋሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ከእኔ አፍ የወጣውንስ ማን ይመልሰው?

ማን?

፰

የባሏ አርባ ከወጣ በኋላ ይመኙሻል ጤፏን አዝላ ደጇ ወዳለው ወፍጮ ቤት ገባች። ረድኤት ቅንድቧ ድረስ ዱቄት ለብሳለች።

«እትዬ? የእኛ ዱቄት ያንቃል ይሉ አልነበር?»

«ያንቀኝ እንግዲህ።»

ረድኤት ልትስቅ ብላ ተወችው። ጤፉን ተቀብላ መዘነች።

«ሽማግሌ የላከችው እታገኝ ናት፤ ራሷ ነገረችኝ» አለች ይመኙሻል። «ያን ሁሉ ስሰድብሽ ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ግቢው ሰው ሞልቶበት ነበር። አፌን ከከፈትኩ የእርስዎን ነገር ሰው ፊት ማንሳቴ ነው። ደግሞም...»

«አውቃለሁ። የክርስትና እናትሽ ናት።»

ይመኙሻል የልጅቱን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። ረድኤት ክንዷን ይዛ አቆመቻት። ያንኑ፣ ድሮ በነጠላ የሚሸፈነውን።

«በሚመጣው ጊዜ ብዬሽ ነበር» አለች ይመኙሻል። «ዋናውን።»

ረድኤት ሄዳ በሩን ዘጋች። ወፍጮውን አስነሳችው። ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ተመልሳ ጆሮዋን አስጠጋች።

፱

ወፍጮ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ሰው ሳይሰማ፣ እኔም ሳልሰማ፦

ይመኙሻል፦