ሕጉ ወይዘሮ አንጓች ቤት ያረፈ ጊዜ

ባሕር ማዶ ባለ ምክር ቤት የጸደቀ ሕግ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ የወይዘሮ አንጓችን በር አንኳኳ። ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ካፖርቱ ግራጫ፣ አማርኛው የሬዲዮ ዜና የመሰለ ነበር።

«የአካባቢውን ዴሞክራሲና የኢኮኖሚ ዕድገት ለመደገፍ ነው የመጣሁት» አላት።

«ይደግፋሉ፣ ምን ያስቸኩላል! መጀመሪያ አረፍ ይበሉ» አለችና እጁን አስታጠበችው።

ይህን ሕግ ከአገሩ ሰው ሁሉ አብልጣ የምትፈልገው አንጓች ነበረች። ባሏ ደምለው የማር አምራቾች ማኅበር ሊቀ መንበር በድምፅ ይመረጥ ስላለ ታስሮ ክረምቱ አልፎበታል። ሕጉም አልደበቃት፤ ካፖርቱን ገለጥ አድርጎ ጎኑን አሳያት።

«ሰባተኛው አንቀጽ ይህ ነው። በምርጫ ጉዳይ የታሰሩ ይፈቱ ይላል። ባለቤትዎም እዚህ ውስጥ አሉ።»

ጆሮዋን ጎኑ ላይ ብትለጥፍ እውነትም የደምለው ሳል ተሰማት።

«በሉ፣ አሁኑኑ ጣቢያ እንሂድ» አለ ሕጉ።

«ኧረ በሞቴ! ደጄን የረገጠ እንግዳ ሳይቀምስ ወጣ ልባል?»

ቀመሰ። በማግስቱ ጎረቤቷ እትዬ ስንዱ ሰምታ ከተፍ አለች። «ብቻሽን ልታስተናግጂው ነው? እኛስ ሕግ አያምረንም?» ብላ ጎትታ ወሰደችው። ከእሷ ቤት ወደ ቄሱ፣ ከቄሱ ወደ ባለ ወፍጮው ሆነ። የአንዱን ገበታ ቀምሶ የሌላውን መዝለል ያስቀይማል። «ሥራ አለብኝ» ይላል ሕጉ። «ይደርሳል፣ ይጉረሱ እንጂ» ይሉታል።

ባለ ወፍጮው ቤት ሊታጠብ ሁለት እጁን ሲዘረጋ ግራ እጅጌው ባዶ ነበር።

«ምን ነካዎት?» አለች አብራው የምትዞረው አንጓች።

«ማሻሻያ ነው። ምክር ቤቱ አሁንም ይነጋገርብኛል።»

«ያማል?»

«እኔን አያመኝም።»

«የሚጎርሱት በቀኝ፣ ምን ቸገራቸው!» አለች እትዬ ስንዱ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

እሑድ አንድ እግሩ በጀት አጥቶ ቀረ። አንጓች ያኔ ደነገጠች። ለባሏ ስንቅ ቋጥራ፣ ሕጉን በትከሻዋ ደግፋ ወደ ጣቢያው አዘገመች።

«ደጋፊው እኔ ነበርኩ» አለ ሕጉ።

«ዝም ብለው ይራመዱ።»

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቀለላት። ዞር ብትል የካፖርቱ ጎን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ጆሮዋን ለጠፈች። ጭር ብሏል።

«ሰባተኛው ነው» አለ ሕጉ። «አሁን ተሰርዞ ወጣ።»

ቀጥሎ አፉ፣ ከዚያ እሱ ራሱ፣ በመጨረሻም ካፖርቱ ጠፋ። አንጓች ክንዷን ወደ ራሷ መልሳ መንገዷን ቀጠለች።

በር ላይ ፖሊሱ «ቅመሺ» አላት። ስንቅ የሚያቀብል ሰው አስቀድሞ ራሱ መቅመሱ ደንብ ነው። ከድፎው ቆርሳ ጎረሰች፤ አስገባት። ደምለው ከሽቦው ወዲያ መጥቶ ቆመ።

«አንጉዬ፣ ከሳሽብኝ።»

«አንተስ እንዴት ነህ?»

«ደህና ነኝ። ከቅድም ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለኛል እንጂ።»

ፀሐይዋ ከጀርባው ነበረች፤ በደረቱ ውስጥ አልፋ አንጓችን ዓይኗን ወጋቻት። በሽቦው መሐል ዳቦ አጎረሰችው። የዋጠው ቁራሽ ደረቱ በሚሆንበት ቦታ አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ሲወርድ አየችው።

«ጨምሪልኝ» አለ።

ጨመረችለት። ሁለተኛውም የፊተኛውን ተከትሎ ወረደ።