ጄኔራልና የስፌት መኪናው

ወንድሜ ውሻውን ያመጣው ስም አውጥቶለት ነው፤ ጄኔራል። ዕድሜውን በሰንሰለት ታስሮ መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ትልቅ ውሻ ነው። መጋዘኑ ሲዘጋ የሚወስደው ሰው ጠፋ። ጄኔራሉ ታዲያ ቤታችን እንደገባ እናቴ ጨርቅ ከምትቆርጥበት ጠረጴዛ ስር ተወሽቆ ቀረ። መጥረጊያ ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ እጅ ሲዘረጋለት ጥርሱን ያሳያል።

«ጦርነቱን ከምሽግ ሆኖ ነው የሚመራው» አለ ወንድሜ።

አከራያችን እትዬ ግን አልሳቁም። ግቢው ውስጥ የልጅ ልጃቸው ትሮጣለች። የፈራ ውሻ ይነክሳል፣ ያልተከተበ ሲሆን ደግሞ ይብሳል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ወሩ ሳያልቅ ካልተከተበ ከግቢው እንዲወጣ ነገሩን። ከዚህ ከወጣ ደግሞ ደጁን የሚከፍትለት እንደሌለ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እኔ ጀመርኩ። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ አያርፍም። እሷ ስትሰፋ ወለሉ ላይ ጀርባዬን ለውሻው ሰጥቼ እቀመጥና የተቀቀለ ጉበት ቆራርጬ ወደ ኋላዬ እወረውራለሁ። ዞሬ አላየውም። እናቴ ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ ሁለት ዓይነ አፋሮች ምን ልታወሩ ነው እያለች ትስቅብኛለች።

እየዋለ እያደረ ጉበቱን ከመዳፌ መብላት ጀመረ። ያን ጊዜ አንገቱን መነካት እንዲለምድ ብዬ እናቴ ልብስ የምትለካበትን ሜትር አነሳሁ። ገና መሬት ሳላስነካው ጄኔራሉ ወደ ምሽጉ ሮጠ።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለች እናቴ። «ሰንሰለት መስሎት ነው።»

ሜትሩን ዘርግቼ ጉበቱን እላዩ ላይ አኖርኩለት። ቀርቦ ሲለምደው ጀርባው ላይ፣ ቀጥሎም አንገቱ ላይ ጣል አደረግኩት። በሸሸ ቁጥር አልከተለውም፤ ከመሬቱ እንደገና እጀምራለሁ። በመጨረሻ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠምጥሜ የጀርባውን ቆዳ ቆንጠጥ ሳደርገው ዝም ብሎ ይበላ ጀመር። እናቴም ልኩን ንገሪኝ፣ ኮሌታ ላውጣለት አለች።

ለክትባቱ የጠራናቸው የእንስሳት ሐኪም የመጡት ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። እናቴ ለእንግዳ የሚገባውን ሁሉ አድርጋ ጠበቀቻቸው፤ ብጥስጣሽ ክሩን ጠርጋ፣ ጨርቁን አጣጥፋ፣ መኪናውን በልብሱ ሸፍና፣ እጇን ሰብስባ ተቀመጠች። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

ጄኔራሉ መሬት ላይ ተለጥፎ አጉረመረመ። ጉበቱን ዞር ብሎ አላየውም። ሜትሩን ሳስጠጋው ጥርሱን አወጣ።

«እንቁላሉ እስከ ትናንት በእግሩ ሲሄድ ነበር» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ።

ሐኪሙ አፉን አስሮ በግድ መውጋት እንደሚቻል፣ ግን ከዚያ በኋላ እጅ ላያምን እንደሚችል ነገሩን። ሌላ ቀን ይሻላል አሉ። እትዬን አየኋቸው። ሌላ ቀን አልነበረም።

ክፍሉን ቃኘሁት። ንጹሕ ነው። ጸጥ ብሏል። ጄኔራሉ እንዲህ ባለ ጸጥታ ውስጥ ከእጄ በልቶ አያውቅም።

«እማ፣ ስፊ።»

«እንግዳ ተቀምጦ?»

«ስፊ። ምንም ቢሆን እንዳታቆሚ።»

ሐኪሙን መሬት ላይ ይቀመጡልኝ፣ ጀርባዎንም ይስጡት ማለት ከዚህ ይልቅ ከበደኝ። አልኳቸው። ቦርሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። እናቴ የመኪናውን ልብስ ገፈፈችና እጇ የገባውን ቁራጭ ጨርቅ ከዳር ዳር ትሰፋው ጀመር።

መጀመሪያ የጄኔራሉ ጆሮ ተነሳ። ቀጥሎ አፍንጫው ከጠረጴዛው ስር ብቅ አለ። አንድ ቁራጭ በላ፤ ሌላም በላ። ሜትሩን አንገቱ ላይ አዞርኩለት። ሐኪሙ ፊታቸውን ሳያዞሩ ወደ ኋላ ቀስ እያሉ ተጠጉ፤ ቆዳውን ቆንጥጬ ያዝኩላቸው፤ በጎን አየት አድርገው ወጉት። ደንገጥ አለ። አላጠበቅኩበትም። ጉበቱን አፉ ስር አደረግኩለት፤ አሸተተና በላ።

«መርፌውስ ይሁን» አሉ እትዬ። ድምፃቸው ለዘብ ብሏል። «ደጅ ሲወጣ ግን መኪናውን ተሸክማችሁ ልትከተሉት ነው?»

ወንድሜ ሳቀ። ጥያቄው ግን ልክ ነበር።

ሐኪሙን ሸኝተን ስንመለስ እናቴን ቀስ እያደረገች እንድትሰፋ፣ ከዚያም ለአፍታ ቀጥ እንድታደርገው ጠየቅኳት። መኪናው ቆመ። ጄኔራሉ ቀና አለ፤ አካሉ ግትር ብሎ ወደ ምሽጉ አየ። መዳፌን ዘርግቼ ጠበቅኩት። አልሄደም።

በላ።

«ቀጥይ» አልኳት እናቴን። «ትንሽ ቆይተሽ ደግሞ ታቆሚያለሽ።»