የላሉት ሦስት ክሮች

«ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ!» አለች የሟች ሚስት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

አጠገቧ የተቀመጠው የሟች ታናሽ ወንድም ቀና አለ። ጊታር ስለሚጠግን ሰው ሁሉ «ቃኚው» ይለዋል። በር ላይ የቆመው ጋሽ ሽቦ ነው፤ ስሙ የወጣለት በቅጥነቱ ነው። ከሟች ጋር ሃያ ዓመት አብሮ ተጫውቷል። ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ግን ይህን ደጅ አልረገጠም። ለቀስተኛው ሲንሾካሾክ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ኩርምት ብሎ ተቀመጠ።

«ሰው እንዴት የጓደኛውን ጊታር ያበላሻል? ወንድምህ ከዚያ ወዲያ ሰው ፊት ተጫውቶ ያውቃል?»

«ተይው፣ እትዬ» አለ ቃኚው።

ያኔ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ጥገና ከጀመረ ሁለተኛ ወሩ ነበር፤ ሰው ሁሉን ያወቀ የሚመስለው በዚያን ጊዜ ነው። ከመድረኩ ጀርባ የታላቅ ወንድሙን የጋሼን ጊታር አንስቶ ሲሞክረው ከስድስቱ ክሮች ሦስቱ ላልተዋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት፤ አጥብቆ መለሳቸው። ጋሼ ይመርቀኛል ብሎ ነበር።

ጋሼ ግን ክሮቹን ያላላው አውቆ ነው። ጣት ሳይጫናቸው፣ እንዲያው ሲመቱ ስድስቱም እንዲስማሙ አድርጎ ቃኝቷቸው ነበር። ትንሿ ጣቱ ላይ የጠርሙስ አንገት አጥልቆ ሲያንሸራትትባቸው ጊታሩ እንደ ሰው ያንጎራጉራል። ቅኝቱን ያሳየው ለሽቦ ብቻ ነው። የዚያን ቀን ጋሼ ጊታሩን ሳይሞክረው ይዞት መድረክ ወጣ፤ ጠርሙሷ ስትንሸራተት ጊታሩ ጮኸ፣ አዳራሹ በሳቅ አውካካ።

«ከሽቦ በቀር ማን ያውቃል?» አለ ጋሼ ከመድረክ ሲወርድ። ቃኚው አጠገቡ ቆሞ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አለ በሆዱ። ነገ፣ ነገ ሲል ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

«እኔ ነኝ» አለ አሁን።

«ምኑ?»

«ክሮቹን ያጠበቅኩት። በራሳቸው የላሉ መስሎኝ ነው። ጋሽ ሽቦ አልነካቸውም።»

ድምፁ ካሰበው በላይ ወጣ፤ ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ከሁሉ ያሳፈረው ይህን ለመናገር የወንድሙን ሞት መጠበቁ ነው።

ሽቦ ቀና ብሎ አላየውም። «ሦስት ጊዜ መጥቼ ነበር» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «አልከፈተልኝም።»

ሚስትዬዋ ከቃኚው አጠገብ ተነሳች። እሱን አላየችውም። ክፍሉን አቋርጣ አግዳሚው ጋ ደረሰች።

«ጠጋ በልልኝ» አለችው ሽቦን። ተቀመጠችና፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።